የማን ላም ቅቤ?

ሰሞኑን ድብርት ቢጤ ይዞኛል። እኔ ሲደብረኝ ወይ ጸጉሬን መቆረጥ ያምረኛል፣ ወይ ማድ ቤት ገብቼ የሆነ ነገር አማስላለሁ። መቆረጡ እማዬ እያለች አይታሰብም። ስለዚህ የጸጉር ዘይት ሠራሁ።

የጥብስ ቅጠሉን ከግቢ ቆርጬ ጥላ ላይ አድርቄው ነበር። እርጥቡን ዘይት ውስጥ ከከተቱት ይሻግታል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ለሽታው ትንሽ አደስ ጨመርኩ። ዘይቱ የሰሊጥ ነው። መተማን የመሰለ የሰሊጥ አገር አጠገባችን እያለ የውጭ ዘይት መግዛት ደበረኝ። ሁሉንም ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ፣ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁሜ በቀስታ አሞቅኩት። በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱት ቅጠሉ ያርራል።

እማዬ በበሩ ስታልፍ ሽታውን ሳብ አደረገችና «ጥብስ አለ እንዴ?» አለች። ለእሷ ለጋ ቅቤ ያልነካው ጸጉር ጸጉር አይደለም። ቅቤ ስንት እንደገባ ስነግራት ግን ዝም አለች።

ዘይቱ ተአምር እንደማይሠራ አውቃለሁ። ጸጉር የሚያድገው በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀባንም አልቀባንም። ከቆዳው የወጣው ደግሞ ሕይወት የለውም። ዘይት ያለሰልሰዋል፣ ከመሰባበር ያግዘዋል እንጂ አይመግበውም። ፎረፎር ያለበት ሰውማ ራሱ ላይ ባያርከፈክፈው ይሻላል። ፎረፎር የሚያመጣው ፈንገስ ቅባት ይወዳል።

ሕይወት የለውም ስል አፄ ቴዎድሮስ ትዝ አሉኝ። ከየት ወዴት አትበሉኝ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ እንግሊዞቹ ከጸጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ለንደን ባለ ሙዚየም ውስጥ ከርሞ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። 150 ዓመት ገደማ!

እኔን የያዘኝ ግን ሹሩባው ነው። ያ በየሥዕሉ የምናየው፣ ጎንደር ፒያሳ ስናልፍ ሐውልታቸው ላይ ያለው። ማን ነበር የሚሠራላቸው? ሹሩባ ቆመው አያሠሩትም። ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ አንገት መድፋት፣ ራስን ለሠሪው መስጠት አለ። መኳንንቱ ቀና ብለው ለማየት የሚፈሩትን ሰው «ጃንሆይ፣ ትንሽ ዘንበል ይበሉ» ያለ አለ ማለት ነው። ሲያጠብቅባቸውስ? እኔ ልጅ ሆኜ ስቁነጠነጥ እማዬ በሚዶው ትከሻዬን ቸብ ታደርገኝ ነበር። እሳቸውን ማን ደፍሮ ቸብ ያደርጋል? እቴጌ ተዋበች በሕይወት ሳሉ እሳቸው ይሆኑ? እቴጌዋ ካረፉ በኋላስ? የሚቀቡትስ ቅቤ የማን ላም ነው?

ትምህርት ቤት የዘመቻቸውን ቅደም ተከተል ሸምድጃለሁ። ይህን ግን መምህር ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር።

እማዬን ጠየቅኳት።

«አንች ሥራ የለሽም?» አለችኝ።

ቆይታ ቆይታ ግን ራሷ ቀሰቀሰችው። «ሴት ናት እንጂ። ወንድ እንዲህ አድርጎ አይሠራም።»

«ወንድ ለምን አይሠራም?» አልኳት።

ይኸው እራት ቀርቦም ክርክሩ አላለቀም። እሷ አንዲት የቋራ ሴት ናት ብላ ድርቅ ብላለች፤ ከየት እንዳመጣቻት እንጃ። እኔ ደግሞ አብሮ አደግ ወታደር ነው ባይ ነኝ። የእኔስ ከየት መጣ?