የተቃጠለ ሽታ፦ የአራተኛ ወር የንባብ ማስታወሻዬ

ሰላም ጓደኞቼ። ይህን ወር በአንድ ጥያቄ ነው የጨረስኩት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አንጎል ውስጥ ሐኪም ኤሌክትሪክ የሚልከው ለምንድን ነው? ሐዋሳ አረብ ሰፈር ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን 11 ዓመቴ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያደርገውን ስለማውቅ መጀመሪያ ሳነበው ደንግጫለሁ።

ስለ መድኃኒቶቹ ባለፈው ስለጻፍኩ አልደግመውም። ሁለት በአግባቡ የተመረጡ መድኃኒቶች ተሞክረው መናወጡ ካልቆመ፣ ሕመሙ መድኃኒት አልበገረውም ይባላል። ከታማሚዎቹ ሢሶ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ለአንዳንዶቹ መናወጡ የሚነሳበትን ቦታ በቀዶ ጥገና ማውጣት ይቻላል። ግን ቦታው የት ነው? ኤምአርአይ (በማግኔት የአንጎልን ምስል የሚያነሳው መሣሪያ) አንዳንዴ ምንም አያሳይም። ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ደግሞ ከራስ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፍ ጥልቁን በደንብ አይሰማም።

ስለዚህ በራስ ቅል ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያዳምጡ ቀጫጭን ሽቦዎች (ኤሌክትሮዶች) ወደ ውስጥ ይገባሉ። ይህን መንገድ ፓሪስ በሚገኘው ሳንት አን ሆስፒታል ታላይራክና ባንኮ የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያዳበሩት። ታማሚው ሆስፒታል ተኝቶ መናወጡ በራሱ እስኪመጣ ይጠበቃል። ከዚያም በኤሌክትሮዱ ላይ ባሉ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል ጥቂት ሚሊአምፒር (በጣም ትንሽ) ኤሌክትሪክ ይላካል። በሰከንድ 50 ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች፣ ወይም በሰከንድ አንዴ ረዘም ላለ ጊዜ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛም ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ሲመጣ ሲግናል ከእርከን ወደ እርከን እየሰደድን ብልሽቱን እንፈልጋለን። ሬዲዮው ግን ምን እንደተሰማው አይነግረኝም። ታማሚው ይነግራል። ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 የነርቭ ሕክምና ተቋም የከፈተው ዋይልደር ፔንፊልድ ይህን በደንብ ተጠቅሞበታል። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው የራስ ቆዳውን ብቻ አደንዝዞና ቅሉን ከፍቶ፣ ታማሚው ነቅቶ እያወራው ቦታ ቦታውን በኤሌክትሪክ ይነካ ነበር። አንዱ ጋ ሲነካ እጅ ይንቀሳቀሳል። ሌላው ጋ ንግግር ይቋረጣል፤ ያንን ቢላዋ እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ታማሚው ሁልጊዜ ሕመሙ ሲጀምረው የሚሰማው ያው ስሜት ይመጣል። ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው።

የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። ኤሌክትሪኩ መናወጥ ካስነሳ ቦታው ተገኘ ማለት ነው ብዬ በደብተሬ ጽፌ ነበር። አይደለም። ጤነኛ የአንጎል ክፍልም በበቂ ኃይል ከተነካ መናወጥ ሊያስነሳ ይችላል። የተቀሰቀሰው ሞገድም ወደ ጎረቤት ሊዛመት ይችላል። ስለዚህ የመጣው ነገር የዚያ ሰው የራሱ የተለመደ ሕመም መሆን አለበት። ይህን ለማረም አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የተለመደው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ታዲያ አጀማመሩን ቀድሞ የጠየቀ ሰው መኖር አለበት። ይህን ሳነብ ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ።

እህቴ ከታመመች 9 ዓመት ሆናት። ስትወድቅ እናቴ «ክብሪት አምጡ!» ትላለች፣ እኔ እጭራለሁ፣ አፍንጫዋ ሥር እንይዛለን። ክብሪት መናወጥ እንደማያቆም፣ በጎን ማስተኛትና ራሷን ከጉዳት መጠበቅ እንደሚሻል አሁን አውቄያለሁ። እሷ ግን ሁልጊዜ «የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ» ትል ነበር። ሁላችንም የክብሪቱ ነው ብለን አልፈነዋል። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ጠየቅኳት።

«መቼ ነው የሚሸትሽ?»

«ከመውደቄ በፊት ነዋ! ክብሪቱን መቼ አየሁት?»

እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሽታ በጆሮ አካባቢ ካለው የአንጎል ክፍል፣ ከውስጠኛው በኩል ከሚነሳ መናወጥ ጋር እንደሚያያዝ አንብቤ ስለነበር ሲኒውን አስቀመጥኩ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋት አያስፈልጋት የሐኪሟ ጉዳይ ነው። እስካሁን ግን ለሐኪሙ የነገርነው «ትወድቃለች፣ አረፋ ትደፍቃለች» የሚለውን ብቻ ነበር።

አሁን ደብተር ገዝቼላታለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጀመሪያ የተሰማትን፣ ጭንቅላቷ ወደየት እንደዞረ፣ ስትነቃ ማውራት ትችል እንደሆነ እንጽፋለን። የመጀመሪያውን መስመር ራሷ ናት የጻፈችው፦ «የጎማ ሽታ። ከዚያ ሆዴ ወደ ላይ ወጣ።» የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ላይ ይዘነው እንሄዳለን።