ጥጃዋ ደህና ናት

ነሐሴ የካላንደር ወር ነው። ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ በር ለበር ሲዞሩ እኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከቀለምና ከወረቀት ጋር እንታገላለን። ድርጅት ሁሉ ለአዲስ ዓመት ለደንበኞቹ የሚያድለው የግድግዳ ካላንደር ይፈልጋል። የሚያዘው ደግሞ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ዲዛይነር ነበርኩ። ዲዛይነር ስል ፎቶ መራጭም፣ መግለጫ ጸሐፊም፣ አራሚም ማለቴ ነው። ቤቱ ትንሽ ነበር።

ለ2012 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ የዱር እንስሳት ያሉበት ባለ 13 ገጽ ካላንደር አዘዘን። ፎቶዎቹ የአንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። ዕድሜያቸውን በባሌና በሰሜን ተራሮች መካከል ሲመላለሱ የጨረሱ ሰው። እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በቴሌግራም 40 ያህል ፎቶ ላኩልኝ። ከፎቶዎቹ ሥር አንዲት የጽሑፍ ፋይል ነበረች። እሷን አልከፈትኳትም። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የጳጉሜንን ነገር ልንገራችሁ። የጳጉሜን ገጽ አምስት ቀን ብቻ ስላለው ማንም አይጨነቅለትም። እዚያ ላይ እርጥብ ጭቃ ውስጥ የታተመ የጅብ ዱካ አስገባሁ። የደንበኛው ሎጎ ከላይ መግባት ነበረበት፤ ባዶው ጭቃ ግን ያለው ከታች ነው። ጭቃ ምን ላይና ታች አለው ብዬ ፎቶውን ገለበጥኩት።

ፕሩፉ፣ ማለትም የሙከራ ኅትመቱ፣ ሲወጣ የማሽን ኦፕሬተራችን አነሳና በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«ይሄ የጅብ ዱካ ነው ወይስ የቡሄ ሙልሙል?»

እውነቱን ነው። ጉድጓዶቹ ሁሉ ጉብ ጉብ ብለዋል። ከእቶን አሁን የወጡ ነው የሚመስሉት። ወረቀቱን ስናዞረው ወዲያው ሰመጡ። መልሰን ስናዞረው እንደገና አበጡ። ሥራ አቁመን ወረቀት ስንገለብጥ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ነገሩ ቀላል ነው። ዓይናችን ብርሃን የሚመጣው ከላይ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ፀሐይም ከላይ፣ አምፖልም ከላይ። ስለዚህ ጉድጓድ ከሆነ የላይኛው ጠርዙ ይጠቁራል፣ የታችኛው ይበራል። ፎቶውን ስገለብጠው ጥላው ወደ ታች ወረደ። ከሥሩ ጥላ ያለው ነገር ደግሞ ለዓይን ጉብታ ነው። የጨረቃን ጉድጓዶች ፎቶ ገልብጣችሁ ብታዩ ያው ነው፤ ጉድጓዱ ኮረብታ ይሆናል። ፎቶውን አስተካከልነው። ሎጎውም ከታች ገባ።

ሁለተኛም ነበረ። ከላኩልኝ ውስጥ አንድ ዋልያ ባለ አራት ቀንድና ባለ ሁለት ራስ ነበር። እሱን ለማወቅ ግን ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሁለት ወንዶች አንዱ ካንዱ ኋላ ቆመው የኋለኛው ሰውነት ተሸፍኖ ነው። ሳቅንና ተውነው።

እንግዲህ ሁለቱን ስለያዝን ዓይናችን የነቃ መሰለን። እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። ባለ ሁለት ራስ ዋልያ ማንንም አያታልልም፤ ሊሆን አይችልማ። የሚያታልለው ሊሆን የሚችለው ነው።

የኅዳር ፎቶ ይህን ይመስላል። ሜዳው ደጋ ነው፤ ሣሩ አጭር፣ ቀለሙ እንደ ገለባ። በግራ በኩል አንዲት ቡናማ ጥጃ አንገቷን ዘርግታ ቆማለች። አንገቷ ሥር ቀይ ቀበሮ አለ። አፉ በሰፊው ተከፍቷል። የላይኛው ክራንቻ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከጥጃዋ ጉሮሮ ጋር ያለው ርቀት የጣት ውፍረት ቢሆን ነው። ሁለቱም ጥርት ብለዋል። የቀበሮው ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጥጃዋ ዓይን ፈጧል፤ ወይም ለእኔ የፈጠጠ መስሎ ታየኝ።

እንዲህ ያለ ፎቶ አግኝቼ አላውቅም ነበር። ይበልጥ እንዲጠብቅ ከታች ያለውን ሣር ቆረጥኩት። እግራቸው ወጣ። የቀረው ራስ፣ አንገት፣ ጥርስ ነው። ከሥሩም «ቀይ ቀበሮ ጥጃ ሲያድን፤ ባሌ ተራሮች» ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን አይታ «ዋው» አለች። ደንበኛው አይቶ ፈረመ። 3,000 ኮፒ ታተመ።

የካላንደር ስህተት ከሌላው ስህተት ይለያል። ገጹ እስኪደርስ ይተኛል። የእኔ መስከረምንና ጥቅምትን አንቀላፍቶ ኅዳር 1 ቀን ነቃ።

ጠዋት ስልክ ተደወለ። የማተሚያ ቤቱ ቁጥር ካላንደሩ ጥግ ላይ በደቃቃ ፊደል አለ።

«ሃሎ፣ ካላንደሩን ያተማችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ከጎባ ነው የምደውለው። ሻይ ቤት አለኝ። ያቺ ጥጃ ሞተች?»

የምለው ጠፋኝ። ሰውዬው የሚቀልድ መሰለኝ።

«አይ ወንድሜ፣ ደንበኞቼ ከጠዋት ጀምሮ እየተጨቃጨቁ ነው። እኔ ሰነቴ ላይ፣ ባሌ ተራራው አናት፣ ከብት ስጠብቅ ነው ያደግሁት። እሱ እንስሳ ጥጃ ሲጥል አላየሁም። ስሙን ታውቃለህ ለመሆኑ?»

«ቀይ ቀበሮ።»

«እኛ ጄዳላ ፈርዳ ነው የምንለው። የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ለምን መሰለህ? ባዝራና ላም ሊወልዱ ሲሉ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። የእንግዴ ልጁን ለመብላት። ልጁን አይነካም።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አሁንም ግን በሆዴ ጥፋተኛው ቀበሮው ነበር። ፎቶው እያለ! ጥርሱ እየታየ!

ለጋሼ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራቸው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ጽሑፉን አንብበኸዋል?»

ፋይሏን የዚያን ቀን ከፈትኳት። ሦስት ወር ሙሉ ቴሌግራሜ ውስጥ ተቀምጣለች። 17ኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሰነቴ። ቀይ ቀበሮ እያዛጋ። ከፊት ያለችው ጥጃ 150 ሜትር ገደማ፣ ቀበሮው ከእሷ ኋላ ሌላ 20 ሜትር።»

እያዛጋ።

በማግሥቱ ቢሮ መጡ። የተቆጡት በእኔ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። አንዱ ራሱ ከ20 ኪሎ አያልፍም፤ ባሌ ውስጥ ከሚበላው ከ90 በመቶ በላዩ አይጥና ፍልፈል ነው። በሰሜን ደጋዎች ግልገል ወሰደብን የሚሉ አርሶ አደሮች አሉ፤ ጋሼም አልካዱም። ዋናው ጠላቱ ግን ከሰፈር ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። «እሱ ከእኛ ውሻ በሽታ ይወስዳል» አሉኝ፤ «አንተ ደግሞ ጥጃችንን በላ ብለህ 3,000 ግድግዳ ላይ ሰቀልከው።»

ከዚያ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ጠየቁ። ኮሪደሩ ወለል ላይ አንዱን ከሌላው አንድ ሜትር አርቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው አቆሙና ከፊተኛው አንድ ሜትር ርቄ ቁጢጥ እንድል አደረጉኝ።

«የኋለኛው ምን ያህል ያንሳል?»

«ግማሽ።»

«በል ወደ ኋላ ሂድ። እስከ ደረጃው።»

ሃያ ሜትር ያህል ሄድኩ። ስልኬን አውጥቼ ዙም አደረግሁ። የኋለኛው ጠርሙስ መጥቶ ከፊተኛው ጎን ቆሟል! አንድ ቁመት ናቸው። የሂሳብ ሠራተኛዋ ከቢሮዋ ብቅ ብላ ወለል ላይ ተንበርክኬ ውኃ ፎቶ ሳነሳ አየችኝ። ምንም ሳትል በሩን ዘጋችው።

«ሌንሱ አቀራረባቸው አይደል?» አልኳቸው።

«ሌንሱ ምንም አላደረገም። ያቀራረባቸው መራቅህ ነው። ሌንሱ የሩቁን ማጉላት ብቻ ነው ሥራው።»

ይሄን ብዙ ዲዛይነር አያውቀውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ስሌቱ እነሆ። ከጥጃዋ 10 ሜትር ላይ ብትቆሙ፣ ቀበሮው ደግሞ ከእሷ 20 ሜትር ኋላ ቢሆን፣ እሱ ያለው 30 ሜትር ላይ ነው። ከጎኗ ቢቆም ከሚኖረው መጠን ሲሶውን ብቻ ያህላል። ማንም አይሳሳትም። ከ150 ሜትር ስታዩ ግን ጥጃዋ 150 ላይ፣ ቀበሮው 170 ላይ ናቸው። የሚያንሰው 12 በመቶ ብቻ ነው። 12 በመቶን የትኛው ዓይን ይለያል? ጋሼ ደግሞ የቀትር ብርሃን ስለነበር የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 አጥብበው በ600 ሚሊ ሜትር ነው ያነሱት። ቀዳዳው ሰፊ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲጠራ ሌላው ደብዘዝ ይል ነበር። ያ እንኳ ባነቃን ነበር።

ቀጥሎ ዋናውን ፎቶ፣ ያልቆረጥኩትን፣ ኮምፒውተሬ ላይ አስከፈቱኝ። ጣታቸውን የጥጃዋ ሰኮና ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ቀበሮው መዳፍ ከፍ አደረጉት። በሁለቱ መካከል ሰፋ ያለ የሣር መስመር አለ። አንዲት ትንሽ የጭቃ ገንዳ እንኳ ትታያለች። ርቀቱ ፎቶው ውስጥ ነበር። ቆርጬ የጣልኩት ራሴ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የእንስሳ ፎቶ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እግር ነው። እግር የሌለው ፎቶ ከሆነ «ዋናውን ላኩልኝ» እላለሁ። ሰው ይሰለቻል። ይሰልች።

ደንበኛው እንደሰማ ሌላ ጣጣ መጣ። አለቃችን በራሳችን ወጪ 3,000 ስቲከር አሳተመች፤ የተወሰነው ከደመወዜ ተቆርጧል፣ አልተከራከርኩም። ስቲከሩ ላይ «ቀይ ቀበሮ ሲያዛጋ፤ ሰነቴ» ይላል። መግለጫው ላይ እንዲለጠፍ ወደ ደንበኛው ቅርንጫፎች ሁሉ ተላከ። ስንቱ እንደተለጠፈ እግዜር ይወቀው። ለሻይ ቤቱ ሰውዬ ግን ራሴ በአውቶቡስ ላክሁለት።

ጥር ላይ ጋሼ ባሌ ሲወጡ ይዘውኝ ሄዱ። ቅጣት ይሁን ሽልማት አልገባኝም፤ ከጎባ ተነስተን ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ዛፍ የለም። ዛፍ ከሌለ ደግሞ ዓይን የሚለካበት ነገር ያጣል። ጉም ውስጥ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው አየሁ፤ ስንጠጋ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ነው። ትንሽ ቆይቶ «ቀበሮ!» ብዬ ጮህኩ። ጆሮው የቆመ፣ ቡናማ፣ ሜዳው ማዶ። ጋሼ መኪናውን አቆሙ። ማዶ አይደለም፤ አፍንጫችን ሥር ነው። ጥንቸል ነበር። ትልቁን ሩቅና ትንሹን ቅርብ መለየት አቅቶኝ አረፍኩት።

እውነተኛው ከሰዓት በኋላ መጣ። ከብት መካከል እየተራመደ። ላሞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። አይጦች ከብት አይፈሩም፤ እሱም በላሞቹ ተከልሎ ይጠጋቸዋል። መንዝ ውስጥ ጓሳ ላይ ከጭላዳ መንጋ ጋር እንዲሁ ያደርጋል፤ እዚያ ያጠኑት ሰዎች እንዳሉት ለብቻው ሲያድን ከሙከራው 25 በመቶ፣ ጭላዳ መሃል ሆኖ ግን 67 በመቶ ይሳካለታል።

ጋሼ ካሜራውን ሰጡኝ። በሌንሱ ሳይ ቀበሮው የአንዲት ላም ሆድ ሥር ነው፤ ሊጠባት የደረሰ ይመስላል። ዓይኔን ከካሜራው ሳነሳ እሷ እዚህ፣ እሱ እዚያ። ደግሜ አየሁ፣ ሆዷ ሥር ነው። ማታለሉን እያወቅሁት እንኳ አልለቀቀኝም።

ማታ ጎባ ስንገባ ሻይ ቤቱን ፈልጌ አገኘሁት። ሰውዬው ሳቂታ ነው፤ የሻይ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ካላንደሩ ግድግዳው ላይ አለ። ጥር እያለን እሱ ኅዳር ላይ ነው፤ ገጹን አልገለጠውም። ስቲከሬም ተለጥፏል። መግለጫው ላይ ግን አይደለም። የቀበሮው አፍ ላይ ነው የለጠፈው፣ ጥርሱ ፈጽሞ እንዳይታይ አድርጎ።

«ምነው?» አልኩት።

«እንግዳ ሁሉ ጥጃዋ ምን ሆነች እያለ አላስቀምጥ አለኝ» አለና ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።