ጀበናዋ ዲኤክስ፦ ፋሻ፣ ጭስና አንዲት የአሉሚኒየም ቁራጭ

ባለፈው እሁድ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ሞተር አጠፋሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ ቁልፉን ሳዞር መኪናዬ በመጀመሪያው ተነሳች። ለናንተ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ለዚች ለአንዲት ማስነሳት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ትንሽ ልጎርር፤ ከዚያ እናዘዛለሁ።

መኪናዬ 84 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)። ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ማስገቢያውና ጭስ ማስወጫው ማኒፎልድ (ከሞተሩ ጋር የተያያዙት ቱቦዎች) በአንድ ጎን ናቸው። ካርቡሬተሩ ከጭስ ማስወጫው በላይ ቁጭ ብሏል። ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና በሉት። እየነዱ ሳለ ችግር የለም፤ ነፋስ ይገባል፣ ከታንከር ቀዝቃዛ ቤንዚን ይመጣል። ሞተር ሲጠፋ ግን ሁለቱም ይቆማሉ። ብረቱ ያጠራቀመው ሙቀት ሽቅብ ይወጣና ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ያፈላዋል። የፈላው ቤንዚን ገንፍሎ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፤ ከዚያ ቁልፍ ብታዞር ባታዞር ያው ነው። የአዲስ አበባ ከፍታም አያግዝም። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ቤንዚንም በዚያው ምክንያት ይቸኩላል።

መጀመሪያ ያዋረደችኝ አባይ በረሃ ላይ ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሽቅብ እየወጣሁ መሃል ላይ ፎቶ ላንሳ ብዬ አጠፋኋት። አርባ ደቂቃ ከዝንጀሮዎች ጋር ተፋጠጥን።

ሙቀቱን ለመከላከል መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ ፋሻ ሞከርኩ። ስለ ቀለሙ ብዙ አላወራም። ሙቀት ይችላል የተባለ ስፕሬይ ገዝቼ ማኒፎልዱን አወረድኩ። (አንድ ብሎን ተሰብሮ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ውስጥ ቀረ፤ እሱን ለማውጣት ሙሉ ቅዳሜዬ ሄደ።) ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ቀባሁት። ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ቀለሙ ደረጃ በደረጃ መጋገር አለበት፤ መጀመሪያ 120 ዲግሪ፣ ቀጥሎ 200፣ በመጨረሻ 315፣ በየመሃሉ እየቀዘቀዘ። የቤታችን ኦቨን 250 ላይ ያበቃል። ባለቤቴ ዘመድ ልትጠይቅ እስክትወጣ ጠብቄ የቻለውን ያህል ጋገርኩት። ለሁለት ሳምንት ድፎ ዳቦው ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። አታድርጉት። ምግብ በሚበስልበት ኦቨን ቀለም አይጋገርም፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ቀለሙም በወሩ መላላጥ ጀመረ። ቢቆይም ኖሮ ዝገት ይከላከላል እንጂ ሙቀት አያስቀርም። በባለሙያ የሚሠራው የሴራሚክ ሽፋን ሌላ ነገር ነው፤ ብረቱ በአሸዋ ተነፍቶ፣ ተረጭቶ፣ በትክክለኛ ምድጃ የሚጋገር። ሁለቱ አይምታቱባችሁ።

ወደ ፋሻው ልምጣ።

ቨርጂኒያ ያለ የአክስቴ ልጅ ሲመጣ በሻንጣው አንድ ጥቅል አመጣልኝ። የመስታወት ክር ጨርቅ ነው፤ 5 ሴንቲ ስፋት፣ 15 ሜትር ርዝመት። ሲታይ ልክ የሆስፒታል ፋሻ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብረቱን ትጠቀልላለህ፣ ሙቀቱ ከጭሱ ጋር በማርሚታ በኩል ይወጣል። የውድድር መኪኖች ላይ ስታዩት ያምራል።

አጠቃቀሙን ከተሳሳትኩት ልንገራችሁ። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ብናኙም ይቀንሳል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ቡናማው ዓይነት መዘፍዘፍ አያስፈልገውም ይባላል። እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ ሴንቲ ያህል ብቻ ይደርብ። እኔ "ድርብ ይሻላል" ብዬ ግማሽ በግማሽ ደራረብኩትና ከጥቅሉ ብዙው በከንቱ አለቀ። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የአፍ መሸፈኛ የግድ ነው። እኔ በካናቴራ ሠራሁ። የመስታወቱ ብናኝ ክንዴ ውስጥ ገብቶ ሦስት ቀን እንደ ሳማ ለበለበኝ። ማሰሪያውም አሳስቶኛል። የጋልቫናይዝ ሽቦ ተጠቀምኩ፤ በጣም ሲግል ዚንኩ ይጨሳል፣ ጭሱም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። በኋላ በማይዝግ ብረት ማሰሪያ ቀየርኩት። ገበያ ላይ አሁንም አሮጌ የአስቤስቶስ ገመድ "ይሄ ነው ኦርጅናሉ" እያሉ የሚሸጡ አሉ። በነፃም ቢሰጧችሁ አትንኩት። ካንሰር ያመጣል፤ ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም።

የ4ኬ ማኒፎልድ ደግሞ ለፋሻ አልተፈጠረም። ቱቦዎቹ አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው፤ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ቀጭን ረጃጅም ቱቦ ያለው መኪና ላይ ሥራው ደስ ይላል። የኔው ግን ሲያልቅ የተሰበረ ክንድ መሰለ። የሰፈራችን መካኒክ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ኮፈኑን ከፍተው አዩና "አንተ ልጅ፣ ወጌሻ ጋ ነው እንዴ የወሰድካት?" አሉኝ።

እኔ ግን ኮርቻለሁ። ባለ ሌዘር ቴርሞሜትር ገዝቼ ነበር። ሳይጠቀለል ማኒፎልዱ 280 አሳይቶኛል። ከተጠቀለለ በኋላ 140። ግማሽ! ለጓደኞቼ ሁሉ ፎቶ ላክሁ። በነጋታው ገበያ መሃል አጠፋኋትና እንደ ድሮው እምቢ አለች።

የተሳሳትኩት ምን መሰላችሁ? የለካሁት የፋሻውን ፊት ነው። ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ላይ ብርድ ልብሱን ለክቶ "ትኩሳቱ ወረደ" እንደማለት ነው። ውስጥ ያለው ብረት እንዲያውም ከበፊቱ ጋለ፤ መተንፈሻ አሳጥቼዋለሁና። መለካት የነበረበት ካርቡሬተሩ ነው። እሱም ዘዴ አለው። ቴርሞሜትሩ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ይዋሻል፤ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ጥቁር ናስትሮ ቆርጣችሁ ለጥፉና እሱ ላይ ለኩ። ያለ ፋሻ፣ ሞተር ከጠፋ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካርቡሬተሩ 68 ነበር። ከፋሻ በኋላ 66። ያ ሁሉ ማከክ ለሁለት ዲግሪ!

ከቴርሞሜትሩም የሚበልጥ መሣሪያ እዚያው ሞተሩ ላይ ነበር። የ4ኬ ካርቡሬተር የቤንዚኑ ከፍታ የሚታይባት ትንሽ ክብ መስታወት አለችው። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሞተሩ እንደጠፋ ተመልከቱባት። መጀመሪያ ቤንዚኑ ጸጥ ብሎ መሃል ላይ ይቆማል። ከሦስት አራት ደቂቃ በኋላ ከሥር ደቃቅ አረፋ እየተበጠሰ ይወጣል። ከዚያ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል፣ መስታወቷን ያለብሳታል። ስንት ማታ ቁጭ ብዬ እሷን ሳይ አመሸሁ መሰላችሁ! ባለቤቴ "ቴሌቪዥን ገዛህ?" ትለኛለች።

ዕረፍት የነሳኝ ግን ጭሱ ነው። አዲስ ፋሻ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይጨሳል፤ ያ ያለ ነው። የኔው በሁለተኛው ወር እንደገና ጀመረ። ለካ የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት (ማሸጊያው) ዘይት ያንጠባጥባል፤ የሚወርደውም በማኒፎልዱ በኩል ነው። ድሮ ባዶ ብረት ላይ ወድቆ ትንሽ ሸትቶ ያልቅ ነበር። አሁን ፋሻው እንደ ኩራዝ ክር ይመጠዋል። መስታወቱ አይነድም፤ የጠጣው ዘይት ግን ይነዳል። አንድ ቀን መብራት ላይ ቆሜ ከኮፈኑ ጥግ ጥቁር ጭስ ሲወጣ አየሁ። እሳት ማጥፊያውን ይዤ ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነበልባል አልነበረም። ማታውኑ ግን የማኒፎልዱን ፋሻ ቀድጄ ጣልኩት። ዘይት የሚያፈስ ሞተር ያለው ሰው ፋሻ እንዳይገዛ። መጀመሪያ የጋስኬት ገንዘብ ያውጣ።

መፍትሔው የመጣው ከጋሼ ነው፤ እሱም በአጋጣሚ። ካርቡሬተሩን ለማጠብ ፈቱትና ከሥሩ ያለችውን ቁራጭ እያገላበጡ "ይሄን ማን ነው የሠራው?" አሉ። ከፋብሪካው እዚያ ቦታ የሚቀመጠው ጥቁር ወፍራም ባኬላይት፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት፣ ነው። ሥራው ሙቀት ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይወጣ መከልከል ነው። የኔ ከኔ በፊት ተሰብሮ ኖሮ አንዱ ባለ እጅ በአሉሚኒየም ቀርፆ ተክቶታል። ሥራው የሚያምር ነው፤ ልኩ ልክክ ያለ። ግን አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ባኬላይትን በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል። ከሥር በኩል ምድጃውና ጀበናው በድልድይ ተገናኝተው፣ እኔ ምድጃውን ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ፋሻ በአየር የሚመጣውን ሙቀት ነው የሚያግደው። በብረት የሚሄደውን አያውቀውም።

መርካቶ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሰፈር፣ ሶማሌ ተራ፣ ግማሽ ቀን ዞሬ ከተፈታ ካርቡሬተር ላይ ኦርጅናል ባኬላይት አገኘሁ። በዚያው ፋብሪካው ከማኒፎልዱ በላይ ያደረገውን የላሜራ መከለያ አሠራሁ። የኔ ጠፍቷል፤ የብዙዎቻችሁም ይጠፋል፣ መካኒኮች "ይንኳኳል" ብለው ይጥሉታልና። አንድ ሚሊ ላሜራ፣ ከብረቱ ሁለት ሴንቲ ያህል ራቅ ያለ። ዋናው ላሜራው ሳይሆን መሃል ያለው አየር ነው፤ ስለዚህ አታጣብቁት። አሁን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ናስትሮው ላይ 51 አነባለሁ። በመስታወቷ ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ትወጣለች፤ ከዚያ ጸጥ።

ፋሻውን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። የተረፈኝን ከማኒፎልዱ ቁልቁል የሚወርደው ቱቦ ላይ ጠቀለልኩት። እዚያ ዘይት አይደርስም፤ እግሬ ሥር ያለው ወለልም በግልጽ ቀዝቅዟል። የሚያሰጋኝ ዝገቱ ነው። ፋሻ ውሃ ይይዛል። ላቫጆ ስወስዳት ሞተሩን በግፊት ውሃ እንዳይመቱብኝ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ክረምቱን ግን ማን ይጠብቅልኛል? መስከረም ላይ ፈትቼ አየዋለሁ። ጋሼ "ቱቦው በስብሶ ታገኘዋለህ" ብለው በአንድ ስኒ ቡና ተወራርደውኛል። አሉሚኒየሟን ቁራጭም ወስደዋታል፤ ለምን እንደፈለጓት አልነገሩኝም።