የባሕሩ ብረት
ለእረፍት ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። ዛሬ ጋሼ "ባሕር ላይ ምን ታነሳለህ?" ብለው ያዙኝ። ያረጀ የነዳጅ ማውጫ መድረክ አልኳቸው። "ስንት ኩንታል?" እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰሜን ባሕር የተነሳው የብሬንት ዴልታ መድረክ የላይኛው ክፍል ብቻ 24 ሺህ ቶን፣ ማለትም 240 ሺህ ኩንታል ነበር።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የክብደቱ ማዕከል፣ ማለትም ክብደቱ የሚመጣጠንበት ነጥብ ነው። መድረኩ ዘመኑን ሁሉ ሲጨመርበትና ሲቀነስበት ስለኖረ ከድሮው ንድፍ ጋር አይገጥምም፤ ቧንቧ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ ማንም ያልመዘገበው መሰላል፣ የዛገ ብየዳ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ማዕከሉ ከሳተ በክሬን ሲነሳ አንዱ ገመድ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ጋሼ ወዲያው ገባቸው፦ "ጭነቱ ያጋደለ አህያ ዳገት አይወጣም።"

"ሲነሳ ከሥሩ ሰው ይቆማል?" አሉ ደግሞ። በፍጹም! ሰው ከሥሩ እያለ ምንም አይነሳም። እፎይ ብለው እዚያው ለእናቴ ደወሉላት።