ስፓይደሬን ለረጅም መንገድ እንዴት አመቻቸሁት

እናቴ ባሕር ዳር ናት። ስፓይደር የሚባለውን ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ሳይክሌን የገዛሁ ሰሞን ፎቶውን ከአሜሪካ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ልጄ፣ እዚያም ባጃጅ አለ እንዴ?» አለችኝ። እሷ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በባጃጅ ነው። ሦስት ጎማ ስታይ ሌላ ምን ትበል?

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ባጃጅ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አለው። የኔው ግልባጩ ነው፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ባጃጅ ኩርባ ላይ ፍሬን ሲይዝ ያ ሁሉ ክብደት ወደ አንዷ የፊት ጎማ ይሄዳል፤ በቀላሉ የሚገለበጠውም ለዚህ ነው። የኔ ላይ ክብደቱን የሚቀበሉት ተራርቀው የቆሙ ሁለት ጎማዎች ናቸው። «እንግዲህ እግዜር ይጠብቅህ» ብላ ዘጋችው።

የምነዳው ካን-አም ስፓይደር አርቲ ነው፣ የ2015 ሞዴል። ቢአርፒ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነው። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 1330 ሲሲ፣ ሮታክስ የሚባል ነው፤ 115 የፈረስ ጉልበት አለው። ባዶውን ከ450 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም። ማርሽ የሚጨመረው በግራ እጅ አውራ ጣት ነው። የኋላ ማርሽም አለው፣ ይሄ ለጉልበቴ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሦስት ጎማ የመጣሁት በጉልበቴ ምክንያት ነው። ለብዙ ዓመት ባለ ሁለት ጎማ ነድቻለሁ። ከዚያ ግራ ጉልበቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀይ መብራት ላይ ከባድ ሞተር በአንድ እግር ደግፎ መቆም አስፈራኝ። ባለቤቴ ከኋላ ስትቀመጥ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ሆነ። መንዳት ማቆም አልፈለግሁም። ስለዚህ ሁለት ጎማውን ሸጬ በ2019 ያገለገለ ስፓይደር ገዛሁ። እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ለሦስት ጎማ ብቻ የሚሰጥ ኤም3 የሚባል የፈቃድ ዓይነት አለ። የኔ ፈቃድ የሁለት ጎማ ብቻ ስለነበር የሦስት ጎማ ኮርስ ወስጄ አስጨመርኩ። ባለ ሁለት ጎማ እችላለሁ ብላችሁ ኮርሱን አትለፉት።

ምክንያቱም የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው። ስፓይደር የእጅ ፍሬን የለውም። በቀኝ እግር የሚረገጥ አንድ ፔዳል ብቻ ነው ያለው፤ ሦስቱንም ጎማ አንድ ላይ ይይዛል። አንድ ቀን እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ቆመ። ቀኝ እጄ ፍሬን ፍለጋ ተዘረጋና አየር ጨበጠ። እግሬ ፔዳሉን እስኪረግጥ ያለፈችው ቅጽበት እስከ ዛሬ ትታወሰኛለች። ከመኪናው ኋላ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ለአራት ተከታታይ ቅዳሜ በጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ እየሄድኩ ፍሬን መያዝ ብቻ ተለማመድኩ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ሌላው መታጠፍ ነው። ሁለት ጎማ ወደ ኩርባው ይጋደማል፤ ሰውነትህ አብሮት ይሄዳል። ስፓይደር አይጋደምም። እንደ መኪና ይታጠፋል፣ አንተን ግን ወደ ውጭ ይወረውርሃል። መጀመሪያ ላይ መሪውን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ እታገል ነበር። ስትታገል ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል። የሞተሩ ማረጋጊያ ኮምፒውተር መገልበጥ የመጣ ይመስለውና ራሱ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ለይቶ አንዱን ጎማ በፍሬን ይይዛል። መድኃኒቱን ያሳየኝ አስተማሪው ነው። ደረትን ወደ ኩርባው ውስጥ ማስገባት፣ የውጭኛውን እግር ማሳረፊያው ላይ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ እጅን ዘና ማድረግ። ሰውነትህን የሚይዘው እግርህ ሲሆን እጅህ መሪውን ለመምራት ነፃ ይወጣል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ ያወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ነው የወጣው። ስፓይደር ላይ ምቾትና ብቃት የሚባሉት ሁለት ነገሮች አይደሉም። የደከመ ትከሻ መሪ ያንቀጠቅጣል። የሚቅበዘበዝ መሪ ትከሻ ያደክማል። ይሄ ሳይገባኝ በፊት ግን አንድ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ሄድኩ።

መጀመሪያ የቀየርኩት ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ነው። ጉልበት ይጨምራል ተባልኩ። የጨመረው ድምፅ ነው። ከተማ ውስጥ ሲሰማ ደስ ይላል። ሀይዌይ ላይ ግን በአንድ ፍጥነት ስትሄድ ያ ድምፅ እንደ ወፍጮ ቤት ጆሮህ ውስጥ ይገባል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባለቤቴ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ራሴን አመመኝ፣ እንቁም» አለችኝ። በሳምንቱ የፋብሪካውን ማርሚታ መልሼ ገጠምኩ። ለዚህ ሞተር 115 የፈረስ ጉልበት በቂ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ፣ ዕቃ ሞልቶ ተራራ ሲወጣ አንድም ቀን አላነሰኝም።

መቅደም የነበረበት የጎማ አላይመንት ነው፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አቅጣጫቸውን ማስተካከል ማለት ነው። ሞተሩን ስገዛው በ65 ማይል ፍጥነት ወደ ቀኝ ይስብ ነበር። ነፋስ መስሎኝ ነበር። አንድ የቆየ ስፓይደር ነጂ ነው «የፊት ጎማዎችህን በሌዘር አስለካ» ያለኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጋ ሄድኩ። ጎማዎቹ ላይ ሌዘር አሰረና ብርሃኑን ከኋላ ጎማ መስመር ጋር አመሳከረ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ተከፍተው ነበር። ጥቂት ሚሊሜትር! ጎማ ወደ ውጭ ሲከፈት እያንዳንዱ በራሱ አቅጣጫ መሄድ ይፈልጋል፤ መሪውም ዕረፍት ያጣል። ሰውየው የመሪ ዘንጎቹን አስተካክሎ ሰጠኝ። ወደ ቤት ስመለስ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ግን መሪውን በሁለት ጣት ይዤ ነበር። ከቀየርኩት ዕቃ ሁሉ ይሄ ነው ርካሹ፣ ለውጡም ትልቁ።

የጎማ አየሩንም እግረ መንገዴን ልጥቀስ። የስፓይደር የፊት ጎማዎች ከመኪና ጎማ በጣም ያነሰ አየር ነው የሚፈልጉት። ለማያውቅ ሰው ካስነፋችሁ እንደ መኪና ይነፋላችኋል፣ ከዚያ ሞተሩ መንገድ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። መለኪያ ግዙ፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፣ ቁጥሩንም ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ።

ቀጥሎ የመጣው የፊት ስታብላይዘር ነው። ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ የብረት ዘንግ ነው። ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ሲጫን ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዝ ስለማይፈልግ አካሉ ወደ ውጭ እንዳያዘነብል ይታገላል። ከፋብሪካው የመጣው ቀጭን ነው። ወፈር ያለውን ገዝቼ ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጋር ጋራዣችን ውስጥ ቀየርነው። ልጁ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ነው። ሞተሩን በክሪክ አነሳንና ከሥሩ እንጨት ደገፍን። የፕላስቲክ ሽፋኖቹን ስንፈታ እያንዳንዱን ቡሎን ከወጣበት ቦታ ስም ጋር በካርቶን ላይ ሰካነው። እሱ ነው ያስለመደኝ። ማጥበቅ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ይቺን በግምት እንዳያጠብቋት» አለና የኃይል መለኪያ ያለውን ቁልፍ አቀበለኝ። ጠቅ ሲል ቆምኩ። አሮጌውን ዘንግ ከአዲሱ ጎን መሬት ላይ አስቀምጬ አየሁት። የጣት ውፍረት ልዩነት እንኳን የለም። ኩርባ ላይ ግን ሌላ ሞተር ነው የሆነው።

በሁለተኛው ዓመት የፊቶቹን አመርዛተሮች፣ ንዝረት የሚውጡትን ዕቃዎች ቀየርኩ። ውድ ናቸው። ጥሩ ናቸው፣ ግን አላይመንቱንና ዘንጉን ሳትጨርሱ እዚህ አትድረሱ።

የኋላ ጎማው ታሪክ ይረዝማል። የኔ 12,000 ማይል ላይ መሐል መሐሉን በላ። ብዙ ስፓይደር ነጂዎች በዚህ ጊዜ የመኪና ጎማ ያስገባሉ፤ ይቆይላቸዋል፣ ዝናብ ላይም ይይዛል ይላሉ። እኔ አሰብኩበትና ተውኩት። ያ የማረጋጊያ ኮምፒውተር የጎማዎቹን ዙር እየቆጠረ ነው የሚሠራው። የጎማው ቁመት ከተቀየረ ቆጠራውም ይቀየራል። ፋብሪካውም አይፈቅድም። ባለቤቴ ከኋላዬ ተቀምጣ በዚህ ላይ መሞከር አልፈለግሁም። ስለዚህ በልኩ ያለውን አስገባሁ።

ችግሩ የመጣው ከአስገቢው ነው። አንድ ጋራዥ ጎማውን ቀይሮ ሰጠኝ። በማግስቱ ከሥሬ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባትሪ ይዤ በደረቴ ተኝቼ ተመለከትኩ። ስፓይደር የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጋ፣ ማለትም በቀበቶ ነው። ቺንጋው መሐል ላይ መሄድ ሲገባው የማዞሪያውን ከንፈር ተጠግቶ እየፈተገ ነበር። ጫፉ ላይ ጥቁር ዱቄት ተጋግሯል። ጎማውን ሲመልሱ ግራና ቀኙን እኩል አላጠበቁትም። ሌላ ሰው ጋ ወስጄ አስተካከልኩ፤ ቺንጋው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ የኋላ ጎማ በተነካ ቁጥር ከጋራዡ ሳልወጣ ጎንበስ ብዬ ቺንጋውን አያለሁ። እናንተም እዩ።

አሁን ወደ መቀመጫው። የፋብሪካው ለአንድ ሰዓት ደስ ይላል። ለስላሳ ነው። በሁለተኛው ሰዓት ለስላሳው ነገር ሰምጦ ያልቅና አጥንትህ ጠንካራው ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ቁጭ ብድግ ትጀምራለህ። እኔ የገዛሁት ሲነኩት ጠንከር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ የወገብ መደገፊያም ያለው ነው። ሱቅ ውስጥ ስቀመጥበት አልወደድኩትም ነበር። አሁን ከአራት ሰዓት መንገድ በኋላ ወርጄ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። መሪውንም በማራዘሚያ ወደ ራሴ አቀረብኩት። ከዚያ በፊት ክንዴ ተዘርግቶ ስለነበር ወደ ፊት ጎንበስ እል ነበር። ክርኔ ሲታጠፍ የትከሻዬ ሕመም ጠፋ።

የፊት መስታወቱ ላይ ደግሞ ብዙ ቀን ፈጀሁ። የአርቲ መስታወት በቁልፍ ይወጣል ይወርዳል። ዝቅ ሲል ነፋሱ ሄልሜቴን ይደበድባል። ከፍ ሲል በመስታወቱ ውስጥ ማየት ግድ ነው፤ ማታ ዝናብ ላይ ያ አያዋጣም። ባለቤቴ የሹራብ ክር ቆርጣ ሰጠችኝ። ክሮቹን መስታወቱ ጠርዝና ሄልሜቴ ላይ በፕላስተር ለጥፌ ነዳሁ፤ እሷ ከኋላ ሆና የትኛው ክር እንደሚተራመስ አየች። ነፋሱ የሚመጣው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ነበር። ስለዚህ የገዛሁት ረጅሙን ሳይሆን ሰፊውን ነው። ስቀመጥ የላይኛው ጠርዝ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ አሻግሬ አያለሁ፣ ነፋሱ ግን ከራሴ በላይ ያልፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባለቤቴ ጋር በሄልሜት ስልካችን ሳንጮህ እናወራለን።

ይህን ሁሉ የፈተንኩት ስካይላይን ድራይቭ ላይ ነው። ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ በሸናንዶዋ ፓርክ ጫፍ ጫፍ 105 ማይል የሚሄድ የተራራ መንገድ ነው። የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው። ስካይላንድ ጋ መንገዱ 3,680 ጫማ ይደርሳል። ኩርባ በኩርባ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሃምሳኛው ማይል አካባቢ፣ ነዳጅ ወደሚገኝበት ቢግ ሜዶስ ስደርስ ክንዴ ዝሎ ጓንቴን ማውለቅ አቅቶኝ ነበር። ባለፈው ጥቅምት እዚያው ቦታ ስደርስ ባለቤቴ «ደከመህ?» አለችኝ። አልደከመኝም። ለዕረፍት ሳንቆም እስከ መጨረሻው ነዳን። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመናል፣ ሚዳቋ ከነግልገሏ መንገዱን እስክታቋርጥ። ሲመሽ ብዙ ይወጣሉ፤ ከጀምበር በኋላ እዚያ አልነዳም።

በመጪው ግንቦት ከስካይላይን ጫፍ የሚቀጥለውን ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን እንሞክራለን። እስከ ኖርዝ ካሮላይና 469 ማይል ነው። ባለቤቴ የት የት እንደምናድር ካርታው ላይ አክብባለች። ከፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ግማሹ የሷ ነው፤ ፔርሙስና ቆሎ ይገባበታል። ግማሹ የኔ ነው፤ የአየር መለኪያው፣ የቺንጋ ማያ ባትሪዬና የሹራብ ክሩ ትራፊ።