የተሸነፉ ሰዎች ዘፈን ሰልፍ ላይ ምን ይሠራል?

ሌ ሚዜራብል የሚባለው፣ በኋላ በዘፈን የሚተረክ ተውኔት (ሚዩዚካል) የሆነው የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ውስጥ ያለው አመጽ ይከሽፋል። ታሪኩን አበላሸሽብን እንዳትሉኝ፣ መጽሐፉ ከወጣ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተማሪዎቹ የፓሪስን መንገድ በወንበርና በጋሪ ይዘጋሉ፣ ቀይ ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ከዚያ ወታደር መጥቶ ይጨርሳቸዋል። ሕዝቡ ከጎናችን ይነሣል ብለው ነበር። ሕዝቡ በሩን ዘግቶ ተኛ። እና እነዚህ ልጆች ሊሞቱ ሲሉ የሚያዜሙት «ዱ ዩ ሂር ዘ ፒፕል ሲንግ» (ሕዝቡ ሲዘፍን ይሰማችኋል?) ዛሬ የትም አገር ሰው አደባባይ ሲወጣ ከአፉ የማይጠፋ ዘፈን ሆኗል። ሁሌ ይገርመኛል።

ብዙ ሰው ይሄ ታሪክ የፈረንሳይ አብዮት ይመስለዋል። አይደለም። ያኛው በ1789 የጀመረው፣ በኋላ የንጉሡን አንገት ያስቀላው ነው። ሌ ሚዜራብል ውስጥ ያለው በጁን 1832 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ያዙልኝ) ጄኔራል ላማርክ የሚባል ሕዝብ የሚወደው ሰው ሲቀበር ተነሥቶ በሁለት ቀን የተደመሰሰ አመጽ ነው። ቪክቶር ሁጎ በ1862 ልብ ወለዱን ባያሳትም ኖሮ ከታሪክ ተማሪ በቀር ማን ያነሣው ነበር?

ሚዩዚካሉ ራሱ ሲጀመር ብዙም ተስፋ የሚጣልበት አይመስልም ነበር። ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ዜማውን፣ አለን ቡብሊል ግጥሙን ሠርተው በ1980 ፓሪስ ውስጥ ለሦስት ወር ገደማ ታየ፣ አለቀ። በኋላ ካሜሮን ማኪንቶሽ የሚባለው የለንደን ፕሮዲዩሰር ያዘው፣ ኸርበርት ክሬትዝመር የእንግሊዝኛውን ግጥም ጻፈ፣ በኦክቶበር 1985 ለንደን ባርቢካን ቴአትር ላይ ተከፈተ። ሐያስያኑ አብጠለጠሉት። ከማኪንቶሽ ጋር ያዘጋጀው የሼክስፒርን ሥራ የሚያሳይ የተከበረ ቡድን እንዴት እንዲህ ያለ የእንባ ድራማ ውስጥ ይገባል ያሉም ነበሩ። ተመልካቹ ግን ትኬት ለመግዛት ተሰለፈ። በ1987 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ገብቶ ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ ትልቅ የቴአትር ሽልማት ስምንት ወሰደ፣ ለንደን ላይ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ይታያል።

አሁን ወደ ነገሬ። የዚህ ተውኔት ዘፈኖች ከቴአትር ቤት ወጥተው ሰው እጅ ሲገቡ ትርጉማቸው ይገለበጣል። አንዱ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ እተወው ነበር።

የሱዛን ቦይልን ውሰዱ። በ2009 ያቺ የ47 ዓመት ስኮትላንዳዊት ብሪቴንስ ጎት ታለንት የሚባለው የቴሌቪዥን የተሰጥዖ ውድድር መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ይሣሣቅባት ነበር፣ አፏን ስትከፍት ግን ሁሉም ከወንበሩ ተነሣ። የዘፈነችው ከዚሁ ተውኔት «አይ ድሪምድ ኤ ድሪም» (ህልም አልሜ ነበር) የሚለውን ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ «ህልሟ እውን ሆነ» እያለ ያነባል። ዘፈኑ ግን ህልሟ የተቀበረባት ሴት ዘፈን ነው! ተውኔቱ ላይ ፋንቲን የምትባለው ሴት ከፋብሪካ ተባርራ፣ ልጅ ያስወለዳት ሰውዬ ጥሏት ሄዶ፣ ሕይወት ያለምኩትን ገደለችው ብላ ነው የምትጨርሰው። የ2012ቱ ፊልም ይሄን የመለሰልን ይመስለኛል፤ ተውኔቱ ላይ ፋንቲን ዘፈኑን የምታዜመው ፀጉሯን ከመሸጧ በፊት ነው፣ ፊልሙ ግን ፀጉሯም ጥርሷም ገላዋም ከተሸጠ በኋላ አመጣው። አን ሃታዌይ ተላጭታ፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሎ፣ እዚያው ቀረጻው ላይ በቀጥታ ዘፈነችው። ኦስካር ወሰደችበት፣ ሲያንሳት ነው።

«ዋን ዴይ ሞር» (አንድ ቀን ደግሞ) የሚለውም እንደዚሁ። ይሄ የመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ከተውኔቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ፖሊስ የሚያሳድደው የቀድሞ እስረኛ ዣን ቫልዣን ሊሸሽ ነው፣ ፍቅረኞቹ ሊለያዩ ነው፣ ተማሪዎቹ ነገ ሊዋጉ ነው፣ ፖሊሱ ዣቬር በመሃላቸው ሰርጎ ሊገባ ነው፣ ሌቦቹ ባልና ሚስት ደግሞ የሞተ ሰው ኪስ ሊፈትሹ። ሁሉም ቀደም ብለን በየራሳቸው ጊዜ የሰማነውን ዜማ ይዘው ይመጣሉ፣ ከዚያ ዜማዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ፣ ማን ምን እንዳለ እስኪጠፋችሁ ድረስ፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም «ነገ» ላይ ይገናኛሉ። ነገ ደግሞ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ቢል ክሊንተን በ1992 ለምርጫ ሲወዳደር የዘመቻ ሰዎቹ ይሄንን ነበር የሚያጫውቱት። ነገ እናሸንፋለን ለማለት! ሰውየው አሸነፈ፣ ስለዚህ ማንም አልታዘባቸውም።

እዚህ ትዕይንት ላይ ተዋንያኑ ባንዲራ ይዘው እንደ ቀስት ጫፍ ተሰልፈው የሚረግጡት እርምጃ አለ። ወደፊት የሚገሰግሱ ይመስላሉ እንጂ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ቀልደኛ ሁሉ የኮረጀው እሱን ነው። አደራረቡን ደግሞ ሳውዝ ፓርክ የሚባለው የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ ሰዎች በ1999 ፊልማቸው ላይ ወስደው በጦርነት ዋዜማ የካርቱን ልጆችን አዘፈኑበት፣ ከምር ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት። በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበትም አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ግጥሙን ወደ ኮሮና ምሬት ቀይሮ ሳሎኑ ውስጥ ዘፈነው፣ ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው። ያ ዘፈን ለቀልድ የሚመቸው ራሱን እጅግ ቁም ነገረኛ አድርጎ ስለሚይዝ ነው መሰለኝ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ሲምፕሰንስ በሚባለው የአሜሪካ ካርቱን ላይ ሳይድሾው ቦብ የሚባለው ወንጀለኛ ሲታሰር የተሰጠው ቁጥር 24601 ነው፣ የዣን ቫልዣን የእስር ቤት ቁጥር። ሳይንፌልድ በሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ በ1991 ጆርጅ የተውኔቱ «ማስተር ኦቭ ዘ ሃውስ» (የቤቱ ጌታ) አልለቅ ብሎት ሲያንጎራጉር ይውላል፣ የጓደኛው የኢሌን አባት ይገላምጠዋል፣ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ራሱ መኪና ውስጥ ሲያዜመው እናገኘዋለን። ደንበኛ የሚዘርፍ ሌባ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስለ ሌብነቱ የሚኩራራበት ዘፈን ነው እንግዲህ።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። «ዱ ዩ ሂር ዘ ፒፕል ሲንግ» ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ2014 ሰልፍ ላይ በካንቶንኛ ግጥም ተዘፈነ፣ በ2019 ደግሞ ኤርፖርት ሳይቀር ሲዘመር ነበር፤ ያኔ የቻይና የሙዚቃ ገጾች ላይ ዘፈኑ እንደጠፋ ተዘግቧል። ይሄ ይገባኛል፣ ጉልበት ያለው ሲፈራው ዘፈኑ ቦታው ላይ ነው። ግን በሴፕቴምበር 2016 ሂላሪ ክሊንተን ከትራምፕ ደጋፊዎች ግማሹን የሚያሳፍሩ ሰዎች ብላ ከተናገረች በኋላ፣ ትራምፕ ማያሚ ላይ የተውኔቱን ስም በስድቧ («ዲፕሎራብልስ» ነበር ያለቻቸው) «ሌ ዲፕሎራብልስ» ብሎ ቀይሮ ከኋላው ሰቅሎ በዚሁ ዘፈን ታጅቦ ወጣ። በጁን 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኖ ኬኔዲ ማዕከል ተውኔቱን ሊያይ ሲገባ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ጮኸበት። ያጨበጨበውም የጮኸውም ከባለ ቀይ ባንዲራዎቹ ወገን ነኝ ብሎ እንደተቀመጠ አልጠራጠርም። ዘፈኑ ማን ላይ እንደምትነሡ አይነግራችሁም፣ ለዚህ ነው ሁሉም የሚወስደው። ባሪያ መሆን አንቀበልም ይላል፣ ስለ ከበሮና ስለ ልብ ምት ያወራል፣ ነገ ሲመጣ ይላል፣ ያው ነው። ጠላቱን እናንተው ትሞላላችሁ።

ሽንፈቱንማ ማን ያስታውሳል? ለነገሩ ጥፋቱ የተውኔቱም ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ የሞቱትን ልጆች መልሶ መድረክ ላይ ያቆምና ያንኑ ዜማ ቀስ አድርጎ ጀምሮ ጣሪያ የሚያነቃንቅ ድምፅ ያደርገዋል። ሰው የሞቱትን እየሰማ ያሸነፉ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ጭምር።

ጨርሶ አይቼው አላውቅም የምትሉ ከፊልሙ አትጀምሩ፣ ረስል ክሮው የዣቬርን ዘፈን የሚታገልበት ሁኔታ ያስመርራችኋል። በ1995 ሮያል አልበርት ሆል ላይ ለአሥረኛ ዓመቱ የቀረበውን ኮንሰርት ፈልጉ። ፊሊፕ ኳስት ዣቬርን ሲጫወት ስሙት። መጨረሻው ላይ ከየአገሩ የመጡ 17 ዣን ቫልዣኖች ተሰልፈው «ዱ ዩ ሂር ዘ ፒፕል ሲንግ»ን እየተቀባበሉ በየቋንቋቸው ይዘፍኑታል፣ ጃፓናዊው ሲደርስ እኔ ሁልጊዜ ድምፁን እጨምራለሁ።