ሁለቱ እምቡጦች

እቅፍ አበባ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ከባዱ ነገር አስተሳሰሩ ይመስለኝ ነበር። ዘንጎቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን አጋድሞ፣ በእጅ እያዞሩ መደርደር ነው። አንዷ በተቃራኒ ከገባች ሲታሰር ትሰበራለች። ያንን የቻልኩ ቀን ደረቴን ነፋሁ።

ብዙም ሳይቆይ የሙሽራ ቡኬ ተሰጠኝ። ነጭ ጽጌረዳ፣ መሃሉ ላይ ሊሊ። ማታውኑ አዘጋጀሁት። ዘንጎቹን ሰያፍ ቆረጥኩ፤ በስብሶ ውሃውን እንዳያገማው የታች የታቹን ቅጠል አራገፍኩ። ሊሊ መሃሏ ላይ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አሏት፤ ጫፋቸው ላይ ቡናማ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከረጢቱ ሲፈነዳ ብርቱካንማ ዱቄት ያራግፋል። ይህን አውቅ ነበር። ከፈኩት አበቦች ላይ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሁለት እምቡጦች ግን ጥርቅም እንዳሉ ነበሩ። «እነዚህ ነገም አይከፈቱ» ብዬ ተውኳቸው። ክፍሉ መሞቁን ልብ አላልኩም።

ጠዋት ፈክተው ጠበቁኝ። አይቼማ አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን ማማራቸውን ነው። እንዲያውም ቡኬው ሞላ ብዬ ደስ አለኝ እኮ!

ሙሽራዋ ተቀበለችኝና እናቷን አቀፈች፣ ቡኬው በሁለቱ መሃል እንዳለ። ሲላቀቁ ቬሎው ደረት ላይ ጣት የሚያህል ብርቱካንማ መስመር ተጋድሟል።

መሐረቤን ውሃ አስነክቼ ተንደረደርኩ። አንዴ ፈተግ ሳደርገው መስመሩ ተድበስብሶ ሰፋ።

«ተይው! አትንኪው!» አለቃዬ እጄን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ዱቄቱ ቅባት አለው፤ ሲፈትጉት ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል። እሷ ፕላስተር ቆረጠችና የሚያጣብቀውን ፊት ሳታሽ ነካ፣ ብድግ፣ ነካ፣ ብድግ አደረገችው። እያንዳንዷ ቁራጭ ብርቱካንማ ሆና ወጣች። እኔ ያልነካሁት ሁሉ ለቀቀ። የፈተግኩት ቀረ። እሱን ከነጭ ሪባን አበባ ሠርታ በመርፌ ቁልፍ ሸፈነችው። ሙሽራዋ ሳቀች። እናትየዋ ግን እስክንወጣ ድረስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

ስንመለስ አለቃዬ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልትከፈት ጫፍ ላይ የደረሰች እምቡጥ አንስታ በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገችልኝ። ከረጢቶቹ ገና ድፍን ናቸው፤ ዱቄት የሚባል ነገር የለም። ሳብ ሳደርጋቸው ጣቴን እንኳ ሳያቀልሙ ተነቀሉ። ለካ ትክክለኛው ሰዓት ያ ነው!

አሁን ሊሊ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ሌላም እጠይቃለሁ። «የምትሰጣት ሰው ቤት ድመት አለ?» ብዙዎቹ የምቀልድ ይመስላቸዋል። ድመት ግን ቅጠሏን ብትቀምስ፣ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ዱቄት ብትልስ፣ አበባው የቆመበትን ውሃ እንኳ ብትጠጣ ኩላሊቷ ተጎድቶ ልትሞት ትችላለች። ዱቄቱን መልቀም ለቬሎ ነው እንጂ ለድመት አይበቃም።

ባለፈው አንዱ ጥያቄዬን ሰምቶ ትንሽ አሰበና እዚያው ስልኩን አወጣ። «ስሚ፣ ድመት አለሽ እንዴ?» ሰርፕራይዙ እዚያው አለቀ። ጽጌረዳ ይዞ ሄደ።